ከድንች ወደ ጎማ፦ የሰርጌይ ሌቤዴቭ ሕይወትና ሥራ

የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ ታሪክ በአብዛኛው የድንጋይ ከሰልና የነዳጅ ዘይት ታሪክ ነው። ቀለሙም፣ ፕላስቲኩም፣ የመኪናው ጎማም ከከርሠ ምድር ተቆፍሮ ከወጣ ጥሬ ዕቃ የሚሠራ መሆኑ ለዘመኑ ሰው እንደ ተፈጥሮ ሕግ የጸና ሆኖ ይታየዋል። ይሁንና ይህ ሁኔታ የዋጋና የታሪክ ውጤት እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። ሰው ሠራሽ ጎማ በሰላም ጊዜ በትላልቅ ፋብሪካዎች መመረት ሲጀምር ጥሬ ዕቃው ከድንችና ከእህል የተጣራ አልኮል ነበር። ይህንንም መንገድ ከቤተ ሙከራ ጠርሙስ አውጥተው እስከ ፋብሪካ ያደረሱት ሩሲያዊው ኬሚስት ሰርጌይ ቫሲሊየቪች ሌቤዴቭ ናቸው። ከዕፀዋት የሚገኝን ጥሬ ዕቃ በካታሊስት አማካይነት ወደ ኢንዱስትሪ ኬሚካል የመለወጥ ጉዳይ እንደገና በተነሣበት በአሁኑ ጊዜ የእኚህን ሰው ሕይወት መመርመር ለኬሚስቱም ሆነ ለመሐንዲሱ ብዙ ትምህርት ይሰጣል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ሌቤዴቭ የተወለዱት ጁላይ 25 ቀን 1874 ዓ.ም. በሉብሊን ከተማ ነው። ሉብሊን ዛሬ በፖላንድ ግዛት ውስጥ የምትገኝ ስትሆን፣ በዚያን ጊዜ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ሥር ነበረች። አባታቸው የሩሲያ ሥነ ጽሑፍ መምህር የነበሩና በኋላም የክህነት ማዕርግ የተቀበሉ ሰው ነበሩ። ሌቤዴቭ ገና ልጅ ሳሉ አባታቸው በመሞታቸው እናታቸው ቤተሰቡን ይዘው ወደ ዋርሶ ተዛወሩ፤ ወጣቱም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚያው አጠናቀቁ።

በ1895 ዓ.ም. በፒተርስቡርግ ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስና በሒሳብ ፋኩልቲ ገቡ። በዚያ ካስተማሯቸው ሊቃውንት መካከል በሕይወታቸው ላይ ከፍተኛውን ተጽዕኖ ያሳደሩት ያልጠገቡ ሃይድሮካርቦኖችን በመመርመር የታወቁት አሌክሲ ፋቮርስኪ ናቸው። በ1899 ዓ.ም. በሩሲያ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሣው የተማሪዎች እንቅስቃሴ በመሳተፋቸው ለእስራት ተዳርገው ነበር፤ ሆኖም ወደ ትምህርታቸው ተመልሰው በ1900 ዓ.ም. በከፍተኛ ማዕርግ ተመረቁ።

ከምረቃ በኋላ የጀመሩት ሥራ በዩኒቨርሲቲ ሳይሆን በአንድ የሳሙናና የስብ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነበር። ቀጥሎም ለባቡር ሐዲድ የሚሆን ብረት በሚመረመርበት ተቋም ሠሩ። በ1902 ዓ.ም. ግን በፋቮርስኪ ዘንድ ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመለሱ። ሌቤዴቭ በኋለኛው ዘመናቸው አንድን ኬሚካዊ ለውጥ በፈተና ቱቦ ውስጥ አይተው ብቻ የማይረኩ፣ ጥሬ ዕቃው ከየት እንደሚገኝ፣ ምን ያህል እንደሚባክንና ምርቱ በምን ዋጋ እንደሚወጣ አስቀድመው የሚጠይቁ ሰው ነበሩ፤ ይህ ልማድ የፋብሪካው ዓመታት ፍሬ ሳይሆን አልቀረም።

በ1905 ዓ.ም. ሠዓሊዋን አና ፔትሮቭና ኦስትሮውሞቫን አገቡ። እኚህ ሴት በእንጨት ቅርጽ ኅትመት በሩሲያ ስመ ጥር የሆኑ፣ የፒተርስቡርግን ድልድዮች፣ ቦዮችና አደባባዮች በሥዕላቸው ያሳወቁ አርቲስት ነበሩ። የዘይት ቀለምና ማቅጠኛው የአስም ሕመም ስለሚያስነሣባቸው ወደ ኅትመትና ወደ ውኃ ቀለም ሥራ አዘነበሉ። ከጋብቻቸው በኋላ ባልና ሚስቱ ፓሪስ ቆይተዋል፤ ሌቤዴቭም ጊዜውን በሶርቦን በምርምር ተጠቅመውበታል።

የጎማ ጥያቄ

ሌቤዴቭ ወደ ጎማ ምርምር በገቡበት ዘመን ጎማ ከታላላቅ የዓለም ንግድ ዕቃዎች አንዱ ሆኖ ነበር። ቻርልስ ጉድይር በ1839 ዓ.ም. ጎማን ከድኝ ጋር አሙቆ ማጠንከርን ካገኘ ወዲህ የዕቃው ጥቅም እየሰፋ ሄደ፤ ብስክሌትና አውቶሞቢል ሲመጡ ደግሞ ፍላጎቱ በእጅጉ ናረ። የጎማ ዛፍ ተወላጅነቱ የብራዚል ነው። በ1876 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ሄንሪ ዊክሃም ዘሩን ከአማዞን አካባቢ ወደ ለንደን ካሻገረ በኋላ ችግኙ በሴሎንና በማላያ ተተክሎ፣ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የዓለም የጎማ ገበያ በደቡብ ምሥራቅ እስያ የእርሻ ባለቤቶች እጅ ገባ። ሩሲያን የመሰለ የብርድ አገር የጎማ ዛፍ ሊያበቅል ስለማይችል የሚያስፈልገውን ጎማ በሙሉ ከባሕር ማዶ መግዛት ነበረበት።

ኬሚስቶች ጎማ ከካርቦንና ከሃይድሮጂን ብቻ የተሠራ መሆኑን ከፋራዳይ ዘመን ጀምሮ ያውቁ ነበር። ጎማን በሙቀት ሲያፈርሱት አይሶፕሪን የተባለ አምስት ካርቦን ያለው ቀላል ፈሳሽ እንደሚወጣና፣ ይህ ፈሳሽ ተመልሶ ጎማ መሰል ነገር ሊሆን እንደሚችልም ታይቶ ነበር። ነገሩ ቀጫጭን ክሮች ተያይዘው ጠንካራ ገመድ እንደሚሆኑት ያለ ነው፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ሁሉ ትናንሽ ሞለኪውሎችም በሺህ ተያይዘው ረጅም ሰንሰለት ሲሆኑ ጋዝ ወይም ፈሳሽ የነበረው ነገር የሚሳብና የሚለጠጥ አካል ይሆናል። ሰንሰለቱ በምን ሥርዓት እንደሚያያዝ ግን በቅጡ አልተጠናም ነበር።

ሌቤዴቭ ከ1908 ዓ.ም. ጀምሮ ይህን ጥያቄ ያዙ። ሁለት ድርብ ማሰሪያ ያላቸውን ሃይድሮካርቦኖች አንድ በአንድ እየወሰዱ በምን ፍጥነት እንደሚያያዙ፣ ምን ዓይነት ውጤት እንደሚሰጡና የውጤቱም ሞለኪውል እንዴት እንደተገነባ መረመሩ። በ1910 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ቡታዳይን ከተባለው አራት ካርቦን ካለው ጋዝ የተሠራ ጎማ በሩሲያ የኬሚስቶች ማኅበር ፊት አሳዩ። ሌሎች ተመራማሪዎች በአብዛኛው የተፈጥሮን ጎማ አካል አይሶፕሪንን ለመኮረጅ ሲጥሩ፣ ሌቤዴቭ ከእርሱ ቀለል ያለው ቡታዳይንም ጎማ ሊሆን እንደሚችል ማረጋገጣቸው ለኋላው ሥራ መሠረት ሆነ። የምርምሩ ውጤት በ1913 ዓ.ም. በመጽሐፍ መልክ ታተመ፤ በሚቀጥለውም ዓመት የሩሲያ ሳይንስ አካዳሚ ሸለማቸው።

ከዚያ በኋላ የመጣው የዓለም ጦርነት ሥራውን አቋረጠው። ሌቤዴቭ በጦርነቱ ጊዜ ከነዳጅ ዘይት ቶሉይን በማውጣት ሥራ ተሰማሩ፤ ቶሉይን ፈንጂ የሚሠራበት ፈሳሽ ነው። በዚያው ጦርነት ጀርመን ጎማ ከባሕር ማዶ እንዳይደርሳት ስለተከለከለች ሜቲል ጎማ የተባለ ሰው ሠራሽ ጎማ ከ2,000 ቶን በላይ አመረተች። ጥራቱ ዝቅተኛ፣ ዋጋው ውድ በመሆኑ ጦርነቱ ሲያበቃ ምርቱም አበቃ። ይህ ታሪክ ጎማን በቤተ ሙከራ መሥራትና ሳይከስሩ በፋብሪካ ማምረት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለሁሉም አሳየ።

ሌቤዴቭ በፒተርስቡርግ በሚገኘው የጦር ሠራዊት ሕክምና አካዳሚ ፕሮፌሰር ሆነው ከአብዮቱ በኋላም በዚያው ቀጠሉ። በችግርና በብርድ ዓመታት ቤተ ሙከራቸውን አቋቋሙ፤ ተማሪዎችን አሠለጠኑ፤ ሃይድሮጂን በፕላቲነም አማካይነት ወደ ያልጠገቡ ሃይድሮካርቦኖች እንዴት እንደሚገባም መረመሩ። ስለ ካታሊስት ጠባይ ያካበቱት ዕውቀት ከእነዚህ ዓመታት የመጣ ነው።

የሁለት ኪሎ ግራም ውድድር

በ1922 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት ከማላያና ከሴሎን የሚወጣውን ጎማ በኮታ በመወሰኑ ዋጋው ወጣ። ገዢ አገሮች ሁሉ ሥጋት አደረባቸው። የሶቪየት ኅብረት የኢኮኖሚ ጠቅላይ ምክር ቤት በ1926 ዓ.ም. ሰው ሠራሽ ጎማ በኢንዱስትሪ የሚመረትበትን ዘዴ ለሚያቀርብ ሰው 100,000 ሩብል ሽልማት የሚያስገኝ ዓለም አቀፍ ውድድር አወጀ። ተወዳዳሪው ከ1928 ዓ.ም. መግቢያ በፊት የዘዴውን ዝርዝርና 2 ኪሎ ግራም ጎማ ማቅረብ ነበረበት። ጥሬ ዕቃው በአገር ውስጥ በብዛትና በርካሽ የሚገኝ መሆን እንዳለበትም ተወስኖ ነበር።

ሁለት ኪሎ ግራም በመጠን ትንሽ ቢሆንም በቤተ ሙከራ አቅም ሲታይ ብዙ ነበር። ሌቤዴቭና ጥቂት ረዳቶቻቸው ለዚህ ሥራ የተመደበ ገንዘብም ሆነ ጊዜ አልነበራቸውም፤ ስለዚህ ከማስተማር ሰዓት ውጭ በምሽትና በዕረፍት ቀን ሠሩ። ቡታዳይን የሚፈላው ከዜሮ በታች በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሆነ፣ ጋዙን ወደ ፈሳሽነት መልሶ ለመያዝ ብርቱ ቅዝቃዜ ያስፈልጋል። ማቀዝቀዣ መሣሪያ ስላልነበራቸው በክረምት ከኔቫ ወንዝ በረዶ እያመጡ ይጠቀሙ ነበር።

ዋናው ውሳኔ የጥሬ ዕቃው ምርጫ ነበር። ቦሪስ ቢዞቭ የተባሉት ሌላው ሩሲያዊ ተወዳዳሪ ነዳጅ ዘይትን በከፍተኛ ሙቀት በመሰንጠቅ ቡታዳይን ለማግኘት ይሠሩ ነበር። ነዳጅ ዘይት ሲሰነጠቅ ግን የሚወጣው የብዙ ጋዞች ቅልቅል ነው፤ ከዚያ ውስጥ ቡታዳይኑን አጥርቶ መለየት በዚያ ዘመን መሣሪያ እጅግ አስቸጋሪ ነበር። ሌቤዴቭ አልኮልን መረጡ። አልኮል አንድ ወጥ የሆነ ንጹሕ ንጥረ ነገር ነው፤ ማውጫው ጥበብም በየገጠሩ የታወቀ ነው። በመሠረቱ በኢትዮጵያ የአረቄ ቤት የሚከናወነው ሥራና በሩሲያ አልኮል ፋብሪካ የሚከናወነው ሥራ አንድ ነው፤ ስታርቹ በብቅል ወደ ስኳር ይለወጣል፣ ስኳሩን እርሾ ወደ አልኮል ይለውጠዋል፣ አልኮሉም በሙቀት ተንኖ በቅዝቃዜ ይጠራቀማል። ሩሲያ የጎማ ዛፍ ባይኖራት ድንች ነበራት።

አልኮልን በጋለ ብረት ላይ በማሳለፍ ጥቂት ቡታዳይን ሊገኝ እንደሚችል ቭላዲሚር ኢፓትየቭ ቀደም ብለው አሳይተው ነበር። በ1915 ዓ.ም. ደግሞ ኢቫን ኦስትሮሚስሌንስኪ አልኮልንና አሴታልዴሃይድን አደባልቆ በሁለት ደረጃ ቡታዳይን የማግኘትን ዘዴ አቅርበዋል። የሌቤዴቭ ድርሻ ሥራው ሁሉ በአንድ ምድጃ፣ በአንድ ካታሊስት ላይ፣ በአንድ ጊዜ እንዲፈጸም ማድረጋቸው ነው። በ1927 ዓ.ም. የመጨረሻዎቹ ቀናት ሁለቱ ኪሎ ግራም ጎማ ተዘጋጅቶ ከዝርዝር መግለጫው ጋር ወደ ሞስኮ ተላከ። ዘዴያቸው ተመርጦ ለቀጣዩ ልማት መሠረት እንዲሆን ተወሰነ፤ በዚያው በ1928 ዓ.ም. የሳይንስ አካዳሚው ተባባሪ አባል ሆኑ።

የካታሊስቱ ሥራ

የሌቤዴቭ ዘዴ በወረቀት ላይ ሲጻፍ ቀላል ነው። ሁለት የአልኮል ሞለኪውሎች ይገናኛሉ፤ ሁለት ሞለኪውል ውኃና አንድ ሞለኪውል ሃይድሮጂን ይለቅቃሉ፤ የቀረው አራት ካርቦን ያለው ቡታዳይን ነው። በተግባር ግን መካከለኛ ደረጃዎች አሉት። አልኮሉ መጀመሪያ ሃይድሮጂን አጥቶ አሴታልዴሃይድ ይሆናል። ሁለት አሴታልዴሃይዶች ተጣምረው ውኃ ሲለቁ ክሮቶናልዴሃይድ ይገኛል። ይህም ከሌላ አልኮል ሃይድሮጂን ተቀብሎ ክሮቲል አልኮል ይሆናል። በመጨረሻ ክሮቲል አልኮሉ ውኃውን ሲያጣ ቡታዳይን ይወጣል። በዛሬው ዕውቀት ዘንድ በሰፊው ተቀባይነት ያገኘው መንገድ ይህ ነው።

ስለዚህ አንዱ ካታሊስት ሁለት የማይመሳሰሉ ሙያዎች ሊኖሩት ይገባል፤ ሃይድሮጂን መንጠቅና ውኃ መንጠቅ። ሌቤዴቭ ይህን ያገኙት የተለያዩ የብረት ኦክሳይዶችን በመቀላቀል ነው። ለኋለኛው ዘመን ተመራማሪ የሚታወቀው ዋና ምሳሌ የማግኒዚየም ኦክሳይድና የሲሊካ ቅልቅል ነው። ውኃ ነጣቂው ኃይል ከበዛ አልኮሉ ባጭሩ ተቆርጦ ኢቲሊንና ኢተር ይሆናል፤ ሃይድሮጂን ነጣቂው ከበዛ ደግሞ አሴታልዴሃይዱ ሳይጣመር ይቀራል። ችሎታው ሁለቱን ማመዛዘን ነው። ሥራው በ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የሚከናወንና ሙቀት የሚጠይቅ ሲሆን፣ ካታሊስቱ ጥቂት እንደሠራ ጥቀርሻ ስለሚሸፍነው በየጊዜው አየር እየተነፋበት ጥቀርሻው ይቃጠላል። የካታሊስቱ ትክክለኛ ቅምም በሶቪየት መንግሥት ዘንድ እንደ ምስጢር ይጠበቅ ነበር።

የተገኘው ቡታዳይን ተጣርቶ በተዘጋ ጋን ውስጥ ከሶዲየም ብረት ጋር ይቀመጣል፤ ሶዲየሙ የሞለኪውሎቹን መያያዝ ይጀምራል፤ ከጊዜ በኋላም ጋኑ ሲከፈት ጎማ ይገኛል። ይህ ጎማ ብቻውን ደካማ ነበር፤ ከካርቦን ጥቀርሻ ጋር ሲታሽ ግን ለመኪና ጎማ የሚበቃ ጥንካሬ አገኘ። በመሆኑም ሌቤዴቭ ጎማውን ብቻ ሠርተው አላቆሙም፤ እንዴት እንደሚታሽ፣ እንደሚጠነክርና ለየትኛው ዕቃ እንደሚሆን ጭምር አስጠኑ።

ፋብሪካዎቹና ዋጋቸው

በ1930 ዓ.ም. በሌኒንግራድ አንድ የሙከራ ፋብሪካ ተቋቋመ። በፌብሩዋሪ 1931 ዓ.ም. የመጀመሪያው ትልቅ የጎማ ብሎክ፣ ክብደቱ 260 ኪሎ ግራም ያህል፣ ከጋኑ ወጣ። ከሁለት ኪሎ ግራም ወደዚህ ለመድረስ ሦስት ዓመት ፈጅቷል። ከዚያ በኋላ ግን መንግሥት የሙከራው ፋብሪካ ችግሮች ተለይተው እስኪያበቁ ሳይጠብቅ ታላላቆቹን ፋብሪካዎች ማሠራት ጀመረ። በጁላይ 1932 ዓ.ም. የያሮስላቭል ፋብሪካ፣ በዚያው ዓመት የቮሮኔዥ፣ በ1933 ዓ.ም. የየፍሬሞቭ ፋብሪካ ጎማ ማምረት ጀመሩ፤ በኋላም የካዛን ተከተለ። ቡታዳይንን የመሰለ ተቀጣጣይ ጋዝ በዚያ መጠን የያዘ ሰው ቀደም ሲል ስላልነበረ ከፋብሪካው መሐንዲስ እስከ ቧንቧ ሠራተኛው ሁሉም ሥራውን እየሠራ ነበር የሚማረው። ሌቤዴቭ በ1931 ዓ.ም. የሌኒን ኒሻን፣ በ1932 ዓ.ም. የሳይንስ አካዳሚ ሙሉ አባልነት ተሰጣቸው።

ይህ የድል ታሪክ ግን ሌላ ገጽ አለው። ስሌቱን መመልከት ይጠቅማል። 162 ክፍል ስታርች ሙሉ በሙሉ ቢቦካ 92 ክፍል አልኮል ይሰጣል፤ 92 ክፍል አልኮል ሙሉ በሙሉ ቢለወጥ 54 ክፍል ቡታዳይን ይሰጣል። እንግዲህ ምንም ሳይባክን እንኳ ለ1 ኪሎ ግራም ጎማ 3 ኪሎ ግራም ስታርች ያስፈልጋል። ድንች ከክብደቱ አንድ አምስተኛው ስታርች ነው ቢባል፣ አንድ ኪሎ ግራም ጎማ ቢያንስ 15 ኪሎ ግራም ድንች ይበላል። በተግባር ደግሞ ከአልኮሉ ብዙው ወደ ሌሎች ተረፈ ምርቶች ስለሚሄድ የሚያስፈልገው ድንች ከዚህ እጅግ ይበልጥ ነበር።

ፋብሪካዎቹ ሥራ የጀመሩት በ1932 እና በ1933 ዓ.ም. ነው። በእነዚሁ ዓመታት በዩክሬን፣ በካዛክስታን፣ በቮልጋና በሌሎችም የሶቪየት ክፍሎች በደረሰው ረኃብ በሚልዮን የሚቈጠር ሕዝብ አልቋል። ረኃቡ የመጣው ገበሬውን በግዴታ ወደ ኅብረት እርሻ በማስገባትና እህሉን ከእጁ በመውሰድ ፖሊሲ ነው፤ የጎማው ፋብሪካዎች አመጡት ማለት አይቻልም። ነገር ግን እህልና ድንች የሚሰበስበው መንግሥት፣ ወደ ውጭ የሚሸጠው መንግሥትና ለአልኮል የሚመድበው መንግሥት አንድ ነበር። ከእርሻ የሚገኝ ጥሬ ዕቃ ታዳሽ ነው ሲባል ምድሪቱ በየዓመቱ ታፈራዋለች ማለት ነው፤ የማንም ድርሻ አይደለም ማለት ግን አይደለም። ሌቤዴቭ የጥሬ ዕቃውን ፍጆታ ለመቀነስ፣ ማለትም ከእያንዳንዱ ሊትር አልኮል የበለጠ ቡታዳይን ለማግኘት፣ እስከ መጨረሻ ቀናቸው ሠርተዋል። በሌላ በኩል ደግሞ በዚሁ ዘመን የሶቪየት ዕፀዋት አጥኚዎች በመካከለኛው እስያ ተራሮች ኮክ ሳግዝ የተባለ ሥሩ ጎማ ያለው ተክል አግኝተው ማልማት ጀምረው ነበር።

ሌቤዴቭ ያቋቋሙትን ኢንዱስትሪ ሲያድግ ለማየት ዕድሜ አላገኙም። በ1934 ዓ.ም. በታይፈስ በሽታ ተይዘው በሜይ 2 ቀን በ59 ዓመታቸው በሌኒንግራድ አረፉ። የተቀበሩት በአሌክሳንደር ኔቭስኪ ገዳም በሚገኘው የቲኽቪን መካነ መቃብር ነው። በከተማው የሚገኘው የሰው ሠራሽ ጎማ ምርምር ተቋም በኋላ በስማቸው ተሰየመ። ባለቤታቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር በተከበበች ጊዜ ከተማዋን ሳይለቁ ቆይተው እስከ 1955 ዓ.ም. ኖረዋል።

ከሌቤዴቭ በኋላ

የአልኮሉ መንገድ ትልቁን ፈተናውን ያለፈው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። በ1942 ዓ.ም. ጃፓን ማላያንና የደች ኢስት ኢንዲስን ስትይዝ አሜሪካና እንግሊዝ የተፈጥሮ ጎማ ምንጫቸውን አብዛኛውን በአንድ ጊዜ አጡ። ሶቪየት ኅብረት ግን ከአሥር ዓመት በፊት የጀመረችው ኢንዱስትሪ ነበራት። አሜሪካ በፍጥነት ታላላቅ ፋብሪካዎች ስትሠራ ከነዳጅ ዘይት የሚወጣው ቡታዳይን በጊዜው ስላልደረሰ፣ በ1943 ዓ.ም. ከተመረተው ቡታዳይን ከግማሽ በላይ የሆነው የተገኘው ከአልኮል ነው። አሜሪካውያን የተጠቀሙት የኦስትሮሚስሌንስኪን የሁለት ደረጃ ዘዴ ነበር።

ጦርነቱ ሲያበቃ ሁኔታው ተገለበጠ። ነዳጅ ዘይት ርካሽ ሆነ፤ ከናፍታ ኢቲሊን ሲሠራ ቡታዳይን በተረፈ ምርትነት ይወጣ ጀመር። ተረፈ ምርትን በዋጋ ማሸነፍ ደግሞ ለማንኛውም ዘዴ ከባድ ነው። የአሜሪካ የአልኮል ፋብሪካዎች ተዘጉ። ሶቪየት ኅብረትም ከ1950ዎቹ ጀምሮ የምግብ አልኮልን መጀመሪያ ከነዳጅ ዘይት በተሠራ አልኮል፣ በኋላም በቀጥታ ከነዳጅ ጋዞች በሚወጣ ቡታዳይን እየተካች ሄደች። ሞላሰስና ሸንኮራ አገዳ የሞላቸው አገሮች ለጥቂት ጊዜ ተቃራኒውን መንገድ ሞክረዋል፤ በ1960ዎቹ ሕንድ በባሬሊ፣ ብራዚልም በፔርናምቡኮ ከአልኮል ቡታዳይን የሚያወጡ ፋብሪካዎች አቋቁመው ነበር። እነዚህም በዋጋ ተሸንፈው መንገዱን ተዉት።

ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ጉዳዩ ተመልሶ ተነሥቷል። አንደኛው ምክንያት በአሜሪካ ኢቲሊን ከቀላል ጋዞች መሠራት ሲጀምር በተረፈ ምርትነት የሚገኘው ቡታዳይን መቀነሱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከነዳጅ ዘይት የሚወጣው ካርቦን በአየር ንብረት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። በጃንዋሪ 2024 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በቦርዶ አቅራቢያ ባሰንስ በተባለ ቦታ፣ ሚሽሊን የጎማ ኩባንያና ሁለት አጋሮቹ ከዕፀዋት በተገኘ ኢታኖል ቡታዳይን የሚያወጣ የማሳያ ፋብሪካ መርቀዋል። ተመራማሪዎች ዛሬ የሚደክሙበት ጥያቄ ሌቤዴቭ የደከሙበት ነው፤ ይኸውም ሁለቱን የካታሊስት ሙያዎች ማመዛዘን፣ ጥቀርሻውን መቀነስ፣ ከአንድ ኪሎ ግራም አልኮል የሚገኘውን ምርት ወደ ስሌቱ ጣሪያ ወደ 587 ግራም ማስጠጋት። አዲሱ ነገር አልኮሉን ከድንችና ከእህል ይልቅ ከገለባ፣ ከአገዳ ጭማቂ ተራፊና ከእንጨት ብክነት ለማግኘት የሚደረገው ጥረት ነው።

ጥያቄው ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። በፊንጫና በመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ከሞላሰስ ኢታኖል ሲመረት ቆይቷል፤ በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከቤንዚን ጋር በ5 በመቶ መጠን መደባለቅ ተጀምሮ ነበር። ከ1 ቶን ሞላሰስ 250 ሊትር ያህል ኢታኖል ቢገኝ፣ በሌቤዴቭ ዘዴ ከዚህ ሊወጣ የሚችለው ቡታዳይን በስሌት ቢበዛ 115 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ይህን ማወቅ ፋብሪካ ይቋቋም ለማለት በቂ አይደለም፤ አይሆንም ለማለትም በቂ አይደለም። አልኮሉ በማገዶነት ቢቃጠል፣ በመድኃኒት ፋብሪካ ቢገባ ወይም ወደ ኬሚካል ቢለወጥ የትኛው ለአገር እንደሚበጅ የሚታወቀው ሚዛኑ በቁጥር ሲሠራ ነው። ሞላሰስ ከስኳር የሚተርፍ ስለሆነ ከሰው ማዕድ ጋር የሚያደርገው ሽሚያ ከድንች ያነሰ ነው፤ ቢሆንም የከብት መኖ መሆኑ አይዘነጋም።

ሌቤዴቭ የአየር ንብረትን አስበው ወይም ታዳሽ የሚለውን ቃል ይዘው አልተነሡም። የጠየቁት በአገራቸው ምድር ምን እንደሚበቅልና ከዚያ ውስጥ ምን ሊሠራ እንደሚችል ነበር። ለዚህም በወንዝ በረዶና በትርፍ ሰዓት የተሠራ ሁለት ኪሎ ግራም ጎማ መልስ ሰጠ። ዘዴያቸው በዋጋ ተሸንፎ ለግማሽ መቶ ዓመት ያህል ቢረሳም በኬሚስትሪው ግን አልተሸነፈም። ዛሬ ወደ እርሱ የሚመለስ መሐንዲስ ከካታሊስቱ ቅምም ጋር የዚያን ዘመን ሒሳብ በሙሉ መውረስ ይኖርበታል። በሒሳቡ በአንዱ ዓምድ ጎማው፣ በሌላው ዓምድ ደግሞ አሥራ አምስቱ ኪሎ ግራም ድንች ተጽፏል።